ጉዳዩ፦ ራም ከተቀየረለት በኋላ አልነሳም ስላለ ኮምፒውተር

፩

ጢጥ።

ጢጥ።

ጢጥ።

ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ማራገቢያው ግን ይዞራል። የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጭራሽ ቢሞት አንድ ነገር ነበር።

፪

ይህን የምጽፈው በእስክሪብቶ ነው። ደሴ፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ማመልከቻ በኮምፒውተር ስጽፍ ኖሬ፣ የገዛ እጄ ጽሕፈት ይህን ያህል መበላሸቱን ያወቅሁት በዚህ ሳምንት ነው። ቁጥር የምሰጠው ስለለመድኩ ነው፤ ዳኛ ቁጥር ይወዳል። እናንተም መሀል ላይ ከጠፋችሁ በቁጥሩ ትመለሳላችሁ።

፫

አመልካች፦ የውብዳር፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ደሴ።

ተጠሪ፦ አምሳሉ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ። ባሌ ነው።

ኮምፒውተሩ፦ አምሳሉ ከሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ለቃቅሞ የገጣጠመልኝ።

በመሀላችን ያለው መንገድ፦ በሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ ብቻ። አንድ ሰዓት አይሞላም።

ሳንተያይ የቆየነው፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።

፬

ተጣልተን ቢሆን ይሻል ነበር። ለተጣላ ሰው ሽማግሌ ይገባለታል፤ አንዱ ይካሳል፣ አንዱ ይቅር ይላል፣ ያልቃል። እኛ አልተጣላንም። አምሳሉ ኮምቦልቻ ሥራ አገኘና «አብረን እንውረድ» አለኝ። «ትንሽ እንቆይ» አልኩት። ትንሿ ሦስት ዓመት ሞላች። አንድ ቀን ሻንጣውን አነሳ፤ እኔም ምሳውን ቋጠርኩለት። ምሳ ቋጥራ ባሏን ለሸኘች ሴት ማን ሽማግሌ ይልክላታል?

፭

ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ። በስልክ።

እሱ፦ ሀሎ።

እኔ፦ የውብዳር ነኝ።

እሱ፦ አውቄሻለሁ። ደህና ነሽ ውቤ?

እኔ፦ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ።

እሱ፦ ምን ነካሽበት?

እኔ፦ ራም ቀየርኩለት። ቀርፋፋ ሆኖ አስቸገረኝ።

እሱ፦ ራስሽ ቀየርሽው?

እኔ፦ ታዲያ ማን ይቀይርልኝ?

(ከኋላው መዶሻ ይሰማል።)

እሱ፦ ይጮኻል?

እኔ፦ ሦስት ጊዜ። ረዘም ረዘም እያለ።

እሱ፦ እንግዲያው ኮምፒውተሩ ራሙን አላየውም። አሮጌውን መልሺና ሞክሪው እስቲ።

እኔ፦ በልዋጭ ሰጥቼዋለሁ።

እሱ፦ አይ ውቤ! በይ እሺ፣ ጻፊ።

ሲያወራ ድምፁ ትንሽ ተጨፍልቆ ነበር። ብሎን በከንፈሩ እንደያዘ ገባኝ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ስንት ጊዜ «ትውጠዋለህ!» ብዬዋለሁ።

፮

ያጻፈኝ ይህን ነው፦

ገመዱን ከሶኬቱ ንቀይ።

ክዳኑን ክፈቺ።

ሁለቱን መያዣዎች ወደ ጎን ግፊና ራሙን፣ ያቺን ቀጭን ሰሌዳ፣ አውጪ።

ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ እሺ። በቀስታ።

መልሰሽ አስገቢው፤ ቀጭ እስኪል ተጫኚው።

አትፍሪው።

የመጨረሻው ከጥገና ሥራ ውጭ ነው። ቢሆንም ጻፍኩት።

፯

ላጲሱ አንሸራተተኝ። ደጋግሜ ባሸው ምንም አይነካም። መነጽሬን አድርጌ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰድኩት።

ላስቲክ።

ስስ፣ እንደ ውኃ የጠራ ላስቲክ ጥርሶቹ ላይ ተለጥፏል። ሻጩ እንዳይቧጨር ብሎ የለጠፈው ነው። እኔም ሳልልጠው ከነላስቲኩ ሰካሁት። ላጥኩት፣ ጥርሶቹን በላጲስ አሸሁ፣ ቀጭ እስኪል ተጫንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ጢጥ አለና ስክሪኑ ቦግ አለ።

፰

እንዴት ላስቲኩን አላየሽውም ትሉኝ ይሆናል። አይቼዋለሁ። ግን እኔ ቤት ላስቲክ አይላጥም። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ይንጫጫል። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው። የፍሪጁ በር ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሱም ከነላስቲኩ። ዕቃ እንዳያረጅ እንዲህ ይያዛል፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ ጎረቤቶቼም እንዲሁ ናቸው። ቡፌው ውስጥ ስድስት ብርጭቆ አለ፤ ለሠርጋችን የተሰጠን ነው። አምሳሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠጣበትም።

የሄደ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ «ውቤ፣ እኔንም እኮ ለእንግዳ አስቀመጥሽኝ» አለኝ።

ሳቅሁ። የሚያስቅ መስሎኝ ነበር።

፱

ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት። በስልክ። ደዋይ፦ እሱ። (በሁለት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ።)

እሱ፦ ተነሳ?

እኔ፦

(ኮምፒውተሩ ፊቴ ቦግ ብሎ በርቷል። የአንድ ሰውዬ የውርስ ማመልከቻ ተከፍቷል። «ተነሳ» ብለው «እሰይ» ይለኛል። ከ«እሰይ» በኋላ ምን እለዋለሁ?)

እኔ፦ አልተነሳም።

እሱ፦ ጥርሱን አሸሽው?

እኔ፦ አሸሁት።

እሱ፦ እንግዲያው እኔ ካላየሁት አይሆንም። ቅዳሜ እመጣለሁ።

ስልኩን ዘጋሁ። ውሸት አልወድም። ስለዚህ ውሸቱን እውነት ላድርገው ብዬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ ራሙን አወጣሁ፣ ላስቲኩን ከቆሻሻ ቅርጫት ፈልጌ መልሼ ለጠፍኩት። ሰካሁ። አበራሁ። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። በእስክሪብቶ የምጽፈው ለዚህ ነው። ባለጉዳዮቼም ከረቡዕ ጀምሮ በእጅ እየተጻፈላቸው ነው። አንድ አባት «ልጄ፣ መብራት የለም እንዴ?» አሉኝ። «አለ አባባ፣ እኔ ነኝ የሌለሁት» አልኳቸው።

፲

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አንደኛው ምክንያት በምክንያት ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ደንበኞቼን የት ጥዬ። ሁለተኛው እሱን መውቀስ ነበር። የቀረው አንድ ቃል ነው፦

ናፍቆኛል።

ለእናንተ መናገር አይከብድም። አታውቁትም።

፲፩

ቅዳሜ፣ ከቀትር በፊት። በአካል።

ጺሙ ሸብቷል። የመሣሪያ ሻንጣውን መሬት ላይ አድርጎ፣ ሰላምታውን አሳጥሮ፣ ክዳኑን ከፈተ። ራሙን አወጣ። ወደ መስኮቱ ወሰደው። ብዙ ቆየ።

እሱ፦ ላስቲኩን ሳትልጪ ነው የሰካሽው።

እኔ፦ ይሆናል። አላስተዋልኩም።

እሱ፦ ውቤ።

እኔ፦ አቤት።

እሱ፦ ጥርሱ ተጠርጓል። ያብረቀርቃል።

እኔ፦ እሺው ብለኸኝ የለ?

እሱ፦ የላጲሱ ፍርፋሪ ከላስቲኩ ሥር ነው ያለው።

(ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።)

እሱ፦ ላስቲክ ከላይ ተለጥፎ ከሥሩ አይታሽም። ልጠሽዋል። ጠርገሽዋል። መልሰሽ ለጥፈሽዋል።

ላስቲኩን በጥፍሩ ላጠው። ራሙን ሰካ፤ ቀጭ አለ። አበራው። ስክሪኑ ቦግ ሲል ወደ ስክሪኑ አላየም፤ እኔን ነው ያየው። አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ይቀለኝ ነበር።

ቀስ ብሎ ክዳኑን ገጠመ። ሻንጣውን አነሳ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

እሱ፦ ይኸው ተነስቷል። የኮምፒውተሩ ጉዳይ አልቋል። ሌላ ጉዳይ ካለሽ ልስማሽ። ከሌለሽ ልውረድ።

፲፪

ማመልከቻ ሁሉ የሚያበቃበት አንድ ርዕስ አለ፤ ባለጉዳዩ የሚፈልገውን በግልጽ የሚናገርበት። ለስንቱ ሰው ጽፌዋለሁ፤ አንድም ቀን ቃል አጥሮኝ አያውቅም። አምሳሉ እጁ በሩ ላይ ነው። እየጠበቀኝ ነው።

የምጠይቀው ዳኝነት፦

……………………………………