ቤት ውስጥ የማይወለድበት ቀበሌ

ባንዲራውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ይሄን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ወረዳው ነው፣ ኮታው ነው እያልኩ ሰበብ እንዳልደረድር።

የሻለም እባላለሁ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ከወረዳችን ከተማ ከመካነ ሰላም በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የደጋ ቀበሌ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ዓመቱን ሙሉ ቤቷ የወለደች እናት ለሌለችበት ቀበሌ ነጭ ባንዲራ ይሰቀልለታል ተባለ። በዚያ ዓመት በኛ ቀበሌ ዘጠኝ እናቶች ቤታቸው ወልደዋል። ዘጠኙንም አውቃቸዋለሁ፤ የአንዳንዶቹን ልጆች እትብት የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። ሪፖርቱ ላይ ግን ዜሮ ጻፍኩ። ሁሉም ደህና ናቸው፣ ማን ተጎዳ ብዬ።

ከወንዝ ማዶ ባለው ቀበሌ የምትሠራው ባልደረባዬ ኡምኩልሱም ያየችውን ጻፈች፤ አሥራ አራት የቤት ወሊድ፣ ሁለት የሞቱ እናቶች። መካነ ሰላም ስብሰባ ላይ የወረዳው ኃላፊዎች አስነስተው ወቀሷት። እኔ የሽልማት ሰርተፊኬቴን ታቅፌ ፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር። አዘነችላት እንዳትሉ። «ይችስ ሞኝ ናት» ነው ያልኩት በሆዴ።

ሞኟ ማን እንደሆነች ለማየት ብዙ አልቆየሁም። ያን ጊዜ የሁለታችን ቀበሌ የጤና በጀት እኩል ነበር። በዓመቱ ለማዶ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ። ቀጥሎ አዋላጅ ነርስ ተመደበች። በሦስተኛው ዓመት መንገድ ተጠርጎ አምቡላንስ ደጃቸው ገባ። የኛ በጀት ደግሞ በየዓመቱ ይሸረፋል። ስጠይቅ «እናንተማ ችግራችሁን ፈታችኋል፣ ላልደረሰው ይድረስ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዜሮ ለጻፈች ማን ብር ይሰጣል? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፣ የኔው ግን በየዓመቱ ሌላ ዜሮ እየጨመርኩበት ከበደኝ። ማረም እችል ነበር። አፈርኩ።

ባለፈው ነሐሴ ብዙዬን ምጥ ያዛት። የእቴቴ በዛች የመጨረሻ ልጅ ናት፣ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ስደርስ ደም ይፈሳታል። ለአምቡላንስ ደወልኩ።

«እናንተ ጋ መንገድ የለም፣ ማዶ ድረስ አምጧት» አሉኝ።

ባሏ አሻግሬና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸከሟት። ወንዙ ሞልቶ ነበር። እስኪጎድል ዳር ላይ ቆመን ሳለ ልጁ እጄ ላይ ወጣ። ወንድ ነው። አላለቀሰም። የማውቀውን ሁሉ አደረግኩ፣ አላለቀሰም።

ብዙዬን የማዶዋ አዋላጅ ተቀብላ አተረፈቻት። እጄን ያስታጠበችኝ ኡምኩልሱም ናት። አንዲት ቃል አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እቴቴ በዛች ጤና ኬላው መጡ። በነጠላቸው ጫፍ እንቁላል ቋጥረዋል።

«አንቺ ባትኖሪ ልጄንም አጥቻት ነበር» ብለው እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አላስቻለኝም።

«ይተዉ፣ እቴቴ። እንቁላሉን ለብዙዬ ይስጧት። የልጁ ነገር በኔ ነው የመጣው።» ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዜሮውን፣ የማዶውን ማቆያ ቤት፣ መንገዱን፣ ለኛ ያልመጣውን ሁሉ።

ሰሙኝ። ከዚያ በሩ ላይ ሆነው ባንዲራውን ብዙ አዩት። ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቆበት አመድ መስሏል።

«ዜሮውን አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ትልቋ ልጄ ሰብሌ ያን ዓመት ከኔው ጓዳ አይደል የወለደችው? እትብቱን አንቺ ቆርጠሽ። በወሩ ያን ጨርቅ ስትሰቅይ ደግሞ ቀድሜ እልል ያልሁ እኔ ነኝ። ቀበሌያችን ተሸለመ ብዬ ደስ ብሎኝ።»

አብሽሪ እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። በሰው ለቅሶ ሁሉ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» እያሉ የሚያጽናኑ እሳቸው ናቸው። ለኔ አላሉኝም፣ ለራሳቸውም አላሉ። እንቁላሉን እንደቋጠሩ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«የወሊድ መዝገቡን አምጪው» አሉ።

አመጣሁት። የብዙዬን ልጅ ጻፍኩ። ስም አልወጣለትም፤ የተወለደበት ቦታ በሚለው ላይ «ወንዝ ዳር» አልኩ። ልዘጋው ስል እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑት።

«የሰብሌንም ጻፊው።»

ጻፍኩት። ከዚያ የዚያን ዓመት የቀሩትን ስምንቱን፣ እሳቸው የእናቶቹን ስም እየጠሩልኝ።