ሁለት ክፍት ጣሳዎች

«አንድ አንድ ብቻ! አባዬ ስግብግብ አይወድም» አለ ዴል፣ የጥይቱን ሳጥን ለቀስተኛ ካመጣው የድንች ጥብስ ጎን እያስቀመጠ።

የአባቱ የአደን ጓደኞች እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው አንድ አንድ ጥይት አነሱ። ቅዳሜ የዴል አባት ኦርቪል ሆገን ከተቀበረ በኋላ ከመካነ መቃብሩ በላይ ካለው ኮረብታ ሊተኩሱለት ነው። ጥይቶቹ ከሱቅ የተገዙ አይደሉም። ኦርቪል ባዶ ቀለህ እየሰበሰበ፣ ባሩድ እየሞላና ጫፉ ላይ እርሳስ እየሰካ በገዛ እጁ ያዘጋጃቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው።

ሽማግሌው ቨርነን የደረሰውን ጥይት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። «ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት ጠመንጃዬ ውስጥ ከትቼ አላውቅም። የኦርቪልን ግን ዓይኔን ጨፍኜ።»

«አንተማ ዓይንህን ገልጠህም ትስታለህ» አለው አጠገቡ ያለው። ትንሽ ተሳቀ።

የዴል እህት ሲግኒ አልሳቀችም። ከደቂቃዎች በፊት ተጨማሪ ወንበር ልታመጣ ጋራዥ ገብታ ነበር። አባቷ ጥይት በሚሞላበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት የባሩድ ጣሳ አየች። የሁለቱም ክዳን ተከፍቷል።

በዚህ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ አይቀመጥም። ልጅ ሳለች ሁለተኛውን ከመደርደሪያ ስታወርድ አባቷ እጇን ያዘ። «ሁለት ጣሳ ካለ እጅ ይሳሳታል። እጅሽን እንዳታምኚው» አላት። ለሞንታና የኅዳር ብርድ የሚሆነውን ባሩድ ሲመርጥ ምሽቱ በሙሉ ይሄድ ነበር። ለከባድ እርሳስ ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ይይዛል። ያ ባሩድ በብርድ እንዳያመነታ፣ በቀለሁ ቂጥ የምትገባውን መለኮሻ ጠንከር ያለችውን ይመርጣል። መለኮሻ በቀየረ ቁጥር ደግሞ ባሩዱን ቀንሶ ከአነስተኛው መጠን ይጀምራል።

«አንዱን ምረጥና እንገላገል!» ትለው ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ጥይት ሞልተሽ ለሰው እንዳትሰጪ አደራ» ይላት ነበር። ይቺን ቀልድ ለጎረቤቱ ሁሉ ስለደጋገማት የማያውቃት አልነበረም።

ሲግኒ ከሳጥኑ ሁለት ጥይት ወስዳ ወደ ጋራዡ ተመለሰች። አንዱን እርሳስ ከቀለህ በሚነቀልበት፣ ራሱ ክፍት በሆነው መዶሻ ውስጥ ከታ ወለሉን መታችበት። እርሳሱ ሲላቀቅ ባሩዱን ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ሁሉም ቀጫጭን ቁርጥራጭ መሆን ነበረበት። መሃሉ ላይ ግን ጠፍጣፋ ቅርፊቶች አሉ። የሽጉጥ ባሩድ ነው፣ ቶሎ የሚነደው። ይህን የሚተኩስ ሰው ጠመንጃው ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል። ሌላም ከፈተች። ያው ነው።

«አየሽው» አለች እናቷ አርሊስ፣ የዕቃ ፎጣ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ። መኖ ሊገዛ ወጥቶ መንገዱ ጠፋበት። ዕድሜውን ሙሉ የነዳበት መንገድ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ።»

«ለኔም?»

«በተለይ ላንቺ።»

«እማ፣ ዴል እኮ ቅዳሜ በዚህ ሊተኩስ ነው!»

«ጥይት ይሞላል ብዬ አላሰብኩም። የጋራዡን ቁልፍ ደብቄበት ነበር።» አርሊስ ፎጣውን አጠፈችው፣ መልሳ ፈታችው። «ንገሪያቸው። ምን ይደረጋል። ብቻ ሰው ሁሉ የሚያምነው የሱን እጅ ነበር።»

ሲግኒ ወጥ ቤት ስትገባ ወንዶቹ ገና እየበሉ ነበር።

«ጥይቱን መልሱ» አለች።

ዴል ቀና አለ። «ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«አባዬ አይደለም የሞላው። እኔ ነኝ። ለልደቱ የመጣሁ ጊዜ፣ እሱ ተኝቶ ሳለ። ባሩዱን ቀላቅዬዋለሁ። አሁን ከፍቼ አየሁት።»

«ልትገድይን ነበር?»

«ቸኩዬ ነው።»

ይህን ለማመን ማንም አልተቸገረም። «ዩኒቨርሲቲ ይሄን አያስተምርም ማለት ነው» ብሎ አንዱ አጉረመረመ። ሌላው ጥይቱን በሁለት ጣቱ ይዞ እንደ ጊንጥ ሳጥኑ ውስጥ ጣለው። ቨርነን መጨረሻ መለሰ። «ኦርቪል ነግሮን ነበር እኮ» አለ። «አውቆሽ ነበር።»

«አዎ፣ ነግሯችሁ ነበር።»

ዴል ጃኬቱን አነሳ። «ቅዳሜ አጠገቤ እንዳትቆሚ» አላትና በሩን ወርውሮት ወጣ።

እናቷ ከምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል ሲግኒ እንዳትናገር ራሷን ነቀነቀችባት።

ከሰዓቱን ጥይቶቹን ስትነቅል ዋለች። እርሳሱን ለብቻ አኖረች። ቀለሆቹን መለኮሻቸው እንዲከሽፍ ዘይት ውስጥ ነከረች። ባሩዱን፣ የሁለቱን ጣሳ ጭምር፣ አባቷ ያረጀውን ሲጥል እንደሚያደርገው በጓሮው መደብ ላይ ስስ አድርጋ በተነችው። ማዳበሪያ ይሆናል ይል ነበር። አፈሩ መብረድ ጀምሯል።

ተመልሳ ጠረጴዛውን ወለወለች። ከመደርደሪያው ያልተከፈተ ጣሳ አወረደች። መሃል ላይ ለብቻው አስቀመጠችው፣ ጽሑፉን ወደ አባቷ ባዶ ወንበር አዙራ።