አራት ፎካሪና አንድ ነጠላ

እስከዳር በገዛ እጇ ተጠራጥራ አታውቅም። «እኔ የሳልኩት ሰው ከወረቀቱ ወርዶ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቢቆም ረዳቱ ሂሳብ ይጠይቀዋል» ትላለች፤ ለጉራዋም ማስረጃ አላት። «የጮቄ ሰባት» የተባለው የሥዕል መጽሐፏ ከወጣ ወዲህ የከተማው ወጣት የሰባቱን ኃያላን ስም ከአጎቶቹ ስም አስቀድሞ ይጠራል። ታሪኩን የሚጽፍላት ደምለው ነው፤ የአማኑኤል ከተማ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ጥቂት ዓመት ቆይቶ የወጣ፣ ዝምተኛ ሰው። እሷ ለሁለት የሚበቃ ስለምትናገር የእሱ ዝምታ ሥራቸውን አልበደለም።

መጽሐፉን የአኒሜሽን ፊልም ላድርገው የሚል ስቱዲዮ ከአዲስ አበባ ሲመጣ እስከዳር አልደነቃትም። የደነቃት ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ከስቱዲዮው የተላከችው አርሴማ የምትባል አዘጋጅ ነበረች፤ ሳቅ የማታበዛ፣ የምትለውን በአጭሩ የምትል ሴት።

«ፊልሙ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው» አለች አርሴማ። «አንድ ሰው እጁን አንሥቶ እስኪያወርድ ስንት ሥዕል እንደሚፈጅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰባቱን መሸከም አንችልም። አራት ምረጪ። ረቂቁን ለሰው እናሳየዋለን፤ ሰውን ካልያዘ ስቱዲዮው ሌላ መጽሐፍ ይወስዳል።»

ወሬው ከተማውን አዳረሰው። የባጃጅ ሾፌሮቹ ባጃጅ እያበረረ ገደል የሚሻገረው ፈጣኑ ይግባ ብለው እስከዳርን ባገኟት መንገድ ሁሉ በነጻ ይጭኗት ጀመር። የቆሎ ተማሪዎቹ ደግሞ ደበሎ ካልገባ ብለው ሞገቱ፤ ደበሎ የበግ ለምዱን ከለበሰ ጥይት የማይበሳው፣ ውሻ ብቻ የሚያስፈራው ጀግና ነው። እስከዳር ሁሉንም በትሕትና ሰማች፤ ባጃጁንም ተሳፈረች። ልቧ ግን አስቀድሞ ቆርጦ ነበር።

አንደኛው ያለ ክርክር ነጎድ ነው። ነጎድ ድምፁ ተራራ የሚሰነጥቅ፣ ከተማሪነቷ ጀምራ በያገኘችው ወረቀት ጀርባ ስትስለው የኖረችው የልቧ ሰው ነበር። ቀጥሎ ባለ ጎራዴው ሾተል፣ በራሪው ክንፌ፣ ከመዳፉ ነበልባል የሚወጣው እሳቴ። አራት ጎበዝ። ፈጣኑና ደበሎ በሚቀጥለው ተብለው ተሸኙ፤ እመት እርጋት ግን ሳትሸኝም ወጣች።

እመት እርጋትን የፈጠራት ደምለው ነው። አሮጊት ናት፤ አትበርም፣ አትመታም። ጠብ ሲነሣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ በተጣሉት መካከል ታነጥፋለች፤ ያንን ነጠላ የሚሻገር እግር ደግሞ የለም። ኃይሏ ይኸው ነው።

«እሷን ስሥል እንቅልፌ ይመጣል» አለች እስከዳር። «ፊልም እኮ ነው፤ ሰው መንቀሳቀስ አለበት።»

ደምለው «እሺ። ጎበዞቹን ግን ማን ያስቆማቸዋል?» አላት።

«እኔ አለሁ አይደል?»

ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። ደምለው ሁለተኛ አልመከራትም። ተቀምጦ የታዘዘውን ጻፈ፤ የታዘዘው ደግሞ ፉከራ ነበር። የጮቄ ኃያል ሳይፎክር አይመታም፤ አንባቢውም ሳይፎከር የተመታ ጠላት እንደተመታ አይቆጥረውም። የነጎድን ፉከራማ ያልሸመደደ ተማሪ አልነበረም፦

«ዘራፍ! ሲያጉረመርም እንጂ ሲመታ የማይታይ፣
ጮቄን ተንተርሶ የሚያድር ከሰማይ!»

ይህ መግቢያው ነው። ገጹ እስኪሞላ ይቀጥላል።

ረቂቁን ያሳዩት አማኑኤል፣ በገበያ ቀን፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ቦታውን የመረጠችው እስከዳር ናት፤ «አማኑኤል ላይ ያስጨበጨበ የትም ያስጨበጭባል» ብላ። እህሉን ሸጦ የተመለሰ ገበሬ፣ መጽሐፉን የሚያውቅ ተማሪ፣ ሙዳይና ዘንቢል ይዘው የገቡ ሴቶች፣ አዳራሹ ጢም አለ። እስከዳር ከፊት ቆማ ስለ ሥራዋ ትንሽ ልናገር አለች። ትንሹ ረዘመ። አርሴማ ሰዓቷን አየች፤ ደምለው ጣሪያውን አየ።

በመጨረሻ ሥዕሉ በነጩ ግድግዳ ላይ በራ። ጉሮሮ የሚባለው ግዙፍ የጮቄን ምንጮች ሊመጥ ሲጎነበስ አራቱ ጎበዞች ደረሱ። ነጎድ ፎከረ፤ ተጨበጨበ። ነጎድ ፎክሮ ሾተል ዝም አይልም፤ ሾተል ፎከረ። ክንፌ ከአየር ላይ ሆኖ ፎከረ። እሳቴ ከሁሉም ወጣት ስለሆነ ከሁሉም አስረዘመው። በመጽሐፍ ቢሆን ዓይን የፈለገውን አንብቦ ወደ ውጊያው ይዘልላል፤ ፊልም ግን አያዘልልም፤ የተጻፈው ሁሉ እስኪያልቅ ያስቀምጣል። ፉከራው ሲያልቅ ደግሞ ማን ቀድሞ ይምታ የሚል ጭቅጭቅ መጣ። ነጎድ እያለ ሾተል ሊቀድም? ሾተል እያለ ክንፌ? ጉሮሮ በዚህ መካከል ምንጩን ጠጥቶ ጨረሰ።

ከኋላ ወንበር አያ ገዳሙ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «እንዲያው ይኸ ጠላት አሳዘነኝ። ቢመቱት ምናለ፤ እሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል» አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እስከዳር ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ሳቁ ያልጠየቀችው ሳቅ ነበር፤ ከዓይኗ ፊት ፊልሟ እየሄደባት መሆኑን አወቀች፤ ፈራች። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ነገሩ በሳቅም አላበቃም። መብራቱ ሲበራ አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ መቅደም የሚገባው ነጎድ ነው አለ። ሌላው ሾተል እንጂ ሲል መለሰ። ያኛው «ሾተል ማን ሆነና» አለ፤ ይኸኛው «ማን ሆነና ማለትህ እኔን ነው» አለ፤ ዱላዎች ከወለሉ ተነሡ። እስከዳር «ተዉ እንጂ፣ እኔ ላስረዳችሁ፣ ሠዓሊዋ እኔ ነኝ» እያለች ወደ መካከል ገባች። ድምፅዋ በጠቡ ላይ ሌላ ድምፅ ሆነ እንጂ ያስቆመው አልነበረም። እንዲያውም አንዱ ከእሷም ጋር ይከራከር ጀመር።

ይኼኔ ከሴቶቹ መካከል እማማ ሥራነሽ ተነሡ። አልተቻኮሉም። ዘንቢላቸውን ለጎረቤታቸው አስያዙና መጥተው ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ በሁለቱ ጎረምሶች እግር ሥር፣ በአቧራው ላይ፣ አንድ ጊዜ አራግፈው አነጠፉት። አንዲት ቃል አልተናገሩም።

ዱላዎቹ ወረዱ። አንደኛው ጎረምሳ ነጠላው ጫፍ ላይ የነበረ እግሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሌላው ጎንበስ ብሎ ነጠላውን አነሣና አቧራውን አራግፎ በሁለት እጁ መለሰላቸው። እሳቸውም ተቀብለው፣ ተከናንበው፣ ወደ ዘንቢላቸው ተመለሱ።

አዳራሹ ጸጥ እንዳለ አርሴማ ከወንበሯ ወደ ፊት ሰገግ ብላ ቀርታ ነበር። «ይህን ነው የምፈልገው» አለች በዝግታ። «እንዲህ ያለች ሴት መጽሐፋችሁ ውስጥ አልነበረችም?»

«ነበረች» አለ ደምለው።

እስከዳር ያቺን ቃል ሰማች። ደምለው ሊወጋት ብሎ አልተናገራትም፤ ቢወጋት ይሻላት ነበር። ሰባትም ይሁኑ አራት፣ እነዚያን ሰዎች ቡድን ያደረጋቸው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠይቃ አታውቅም። ደምለው ያውቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ ጠየቃት፤ እሷ «እኔ አለሁ» አለች።

ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ በሚኒባሱ ውስጥ አርሴማ «እመት እርጋት ትግባ፤ ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ይወጣል። ሾተልን እናውጣው?» አለች።

እስከዳር መስኮቱን እያየች ቆየች። ዝም ስትል ደምለው ገርሞት ዞረ።

«ነጎድ ይውጣ» አለች።

«ነጎድማ አይሆንም» አለ ደምለው። «ከልጅነትሽ ጀምሮ…»

«ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለዚያ ነው። እሱ ካለ ሌላ ሰው የሚናገርበት ቦታ የለም።» አለችና ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። ወዲያው አቃናችው። «ደግሞ እመት እርጋትን እኔ ነኝ የምስላት። ነጠላዋ ሲወርድ እያንዳንዷ እጥፋት እንደምትታይ አሁኑኑ እነግራችኋለሁ። እኔ የሳልኩት ነጠላ ላይ ሰው ሊቀመጥበት ይፈልጋል።»

አርሴማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ፊልሙ ተሠርቶ አልቆ ደብረ ማርቆስ ላይ በታየ ዕለት የባጃጅ ሾፌሮቹ ቂማቸውን ረስተው መጡ፤ የቆሎ ተማሪዎቹም ከግድግዳው ሥር ተደረደሩ። ሾተል ሁለት መስመር ፎከረ፤ ክንፌ ሊቀድመው፣ እሳቴ ሊበልጠው ተነሡ፤ ጠቡ ሊፈነዳ ሲል ነጩ ነጠላ ከላይ ጀምሮ ግድግዳውን ሙሉ እየሸፈነ ወረደ። ድምፅ ሁሉ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጮቄ ማዶ ነጎድጓድ ብቻ ተሰማ፤ ከነጎድ የቀረው ያ ነበር፤ የሚያውቁት ወዳጆቹ ፈገግ አሉ። ነጠላው ሲነሣ ሦስቱ ጎን ለጎን ቆመው ነበር፤ ጉሮሮን እኩል መቱት። አዳራሹ ብድግ ብሎ አጨበጨበ፤ አርሴማ ጭብጨባው መካከል ስልኳን አውጥታ ለስቱዲዮዋ ደወለች፤ በጣቷም ለእስከዳር «ያዘ» የሚል ምልክት ሰጠች።

እስከዳር ወደ መድረኩ ወጣች። ደስታው ሞልቶ ይፈስባት ነበር። ማይክሮፎኑን ተቀበለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ» አለች፤ «ይህን ሥራ ስጀምር፣ ከመጀመሪያው ብነግራችሁ፣ ገና ተማሪ ሳለሁ…»

ደምለው ከፊት ረድፍ ተነሣ። አልተቻኮለም። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ አንድ ጊዜ አራገፈው፣ ከእግሯ ፊት መድረኩ ላይ አነጠፈው።

እስከዳር ጋቢውን አየችው፤ ቀና ብላም ደምለውን አየችው። ከዚያ ማይክሮፎኑን መልሳ ወረደችና አጠገቡ ተቀመጠች።