ከሸራው ጀርባ

ቃሊቲ፣ ዛሬ ኮንቴይነር ተደራርቦ የሚታይበት ሜዳ ላይ ሲኒማ ነበር ስል ልጆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ! መኪና ውስጥ ቁጭ ተብሎ የሚታይ ሲኒማ ነበር። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባለመኪኖቹ ከከተማ ይመጣሉ፣ በረድፍ ይቆማሉ፣ ድምፁ በየመስኮታቸው ከሚንጠለጠል ትንሽ ሳጥን ይወጣል። ፊት ለፊታቸው በሁለት ምሰሶ የተወጠረ ትልቅ ነጭ ሸራ አለ።

እኛ መኪና የሌለን ከሸራው ጀርባ፣ በወንዙ በኩል፣ ሣሩ ላይ ነበርን። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ ጎረቤቱ፣ እናትና አባቴም። ምስሉ በሸራው አልፎ ይታየናል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ። ነፋስ ሲመጣ የተዋናዮቹ ጉንጭ ይነፋል፣ ፈረሶቹ ይዋኛሉ። ከወንዙ ጉም ይነሣና ሁሉንም እስከ ወገባቸው ይውጣቸዋል። አቤት ማማሩ! እስከ ዛሬ በህልሜ እዚያ ሣር ላይ ነኝ፣ ቀሚሴ በጤዛ ርሷል። በታክሲ ሳልፍ ነጭ ኮንቴይነር ካየሁ ፊቶቹ ይመጡብኛል።

ድምፅ ግን የለም። እኛ ጋ የሚደርሰው የእንቁራሪት ጩኸት ብቻ ነው። ስለዚህ ጣሰው ይነግረን ነበር። ጣሰው ያኔ ጋራዥ የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ስለደረሰ እንግሊዝኛ ያውቃል ይባላል። ሴቲቱ ስትናገር ድምፁን አቅጥኖ፣ ወንዱ ሲናገር አወፍሮ ያወራልናል። "ምን አለች? ምን አለች?" ይላል ሰው። እሱ የቀረ ቀን ፊልሙም አይጥምም።

በዚያው ዓመት አንድ እህል ነጋዴ ሽማግሌ ላከብኝ። ሰይቼንቶ መኪና አለው። የአባቴ ልብማ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ የቀረው የኔ እሺታ ነው።

አንድ ቅዳሜ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ያለችበት ፊልም ታየ። ረጅም መኪና ያለው ሰውዬ ይፈልጋታል፣ እጁ ግራሶ የሆነ መካኒክም ይፈልጋታል። መጨረሻ ላይ ባቡር ጣቢያ ቆማ፣ የመካኒኩን እጅ ይዛ፣ እያለቀሰች ብዙ ተናገረች። ከዚያ ባቡሩ ላይ ወጣች። ጣሰው እንዲህ አለልን፦ "መኪና ይዝጋል፣ ያንተ እጅ ግን አይዝግም። ለአባቴ ነግሬ እመለሳለሁ፣ ጠብቀኝ።"

ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላ ጠረጉ። እኔማ ነፍሴ እዚያው ሸራው ላይ ቀረች። በማግስቱ አባቴን "ነጋዴውን አላገባም" አልኩት። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ጣሰውን አገባሁ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ባለመኪኖቹ ቀሩ፣ ሸራው ወረደ። ምሰሶዎቹንም ማን እንደወሰዳቸው እንጃ። እኛ ይኸው ሃምሳ ዓመት ዘለቅን፣ ክፉም ደግም አየን።

በቀደም የልጅ ልጃችን ሊዲያ ስልኳን ይዛ መጣች። ስለ ባርኔጣዋና ስለ ባቡሩ በነገርኳት ቁጥር ስትፈልግ ከርማለች።

"እማማ፣ ፊልምሽን አገኘሁት! ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ አለው!"

ጣሰው ያነሣውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። "ተይው አማረች፣ ዓይንሽን ያምሻል" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምግብ እምቢ አለ። "ምን ሆነሃል አንተ ሰው?" ስለው "ምንም" ይላል። ወንድ ልጅ ምንም ካለ አንድ ነገር አለ።

እሑድ ከሰዓት መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። እሱ በሩ ጋ ቆመ፤ አይገባ፣ አይወጣ። ፊልሙ ትንሽዬ ሆነብኝ፤ ሰዎቹም ሁሉ ግራኝ መሰሉኝ። ባቡር ጣቢያው ደረሰ። ሴትዮዋ እጁን ያዘች። ሊዲያ ጽሑፉን አነበበችልኝ፦ "ይቅር በለኝ። አልወድህም። ሌላውን ላገባ ነው፣ አትጠብቀኝ።"

ቀና ስል ጣሰው መሬት መሬቱን ያያል።

"አንተ ቀጣፊ!" አልኩት። "ድሮም እንግሊዝኛ አታውቅም ነበር እንዴ?"

"ድምፁማ መቼ ደረሰኝ" አለ። "ግን ፊቷ ያስታውቅ ነበር። እንደማትመለስ ገብቶኛል። አንቺ ከፊት ተቀምጠሽ አፍ አፌን ታያለሽ። ነጋዴው ሊወስድሽ ነው። ምን ልበል ታዲያ? ፈራሁ፣ አማረች። አንድ ቀን ታውቂብኛለሽ እያልኩ ዕድሜ ልኬን ስፈራ ኖርኩ።"

አንጀቴን በላው። ሰው እንዴት ከገዛ ሚስቱ ጋር እየኖረ ይህን ያህል ዘመን ይፈራል? ግን ተናድጃለሁም፣ አልደብቅም። ከአባቴ ጋር ያቀያየመኝ የሱ ፈጠራ ነው።

"እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ታገቢኝ ነበር?" አለኝ።

ልሸነግለው አልፈለግሁም። ለአንድ ቤት የአንድ ሰው ቅጥፈት ይበቃል።

"አላገባህም ነበር" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። ተነሥቼ አጠገቡ ሄድኩ።

"እንኳንም ያኔ መኪና አልነበረን፣ ጣሰው" አልኩት። "ቢኖረን ድምፁ ይሰማኝ ነበር።"