የተሰፋው ስልክ

ከጨርቅ ውስጥ የታፈነ የስልክ መክፈቻ ዜማ ተሰማ። ብዙም አልቆየ፣ የመዝጊያው ተከተለ። ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብዬ ሳይ አየሁሽ ናት፤ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ የምትሠራው የጎጃም ሴት። ኮኪት ከተማ ላይ ስልክ ቻርጅ በማደርግባት ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ ገመድ ላይ ያለውን ስልኳን፣ መክፈቻውን በለበሰው ጨርቅ ላይ ትጫነዋለች።

«እትዬ፣ በከፈትሽው ቁጥር የጠጣውን ታስተፊዋለሽ» አልኳት።

ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ልጇ ወንድማገኝ በወባ ታሞ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ከተኛ ሦስት ቀኑ ነው። ትናንት ሰው መለየት ተስኖት እንደነበር ነርሷ ደውላ ነግራታለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ትራክተር ወደ እርሻው ይወስዳታል፤ ከቀረች ሥራውን ታጣለች። እዚያ ኔትወርክ እንጂ መብራት የለም፤ የምትመለሰውም ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ነርሷ የምታውቀው ይህንኑ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ ሳይሞላ ከሄደች የልጇን ነገር የሚነግራት አይኖርም። ከረፋድ ጀምሮ ተሰክቶ ሰባት ተኩል ሆነ፤ አሁንም ሲከፈት ይጠፋል።

እኔ ጥፋቱን ለገመዱ ሰጥቼ ነበር። ቀጭን ገመድ እንደ ጠባብ ቦይ ነው፤ ምንጩ ቢትረፈረፍም የሚያደርሰው ትንሽ ነው። በወፍራም ቀየርኩላት። ቀጥሎ ቻርጀሩን ራሱን ቀየርኩ፤ ደካማ ቻርጀር ትልቅ ባትሪ ሲያጋጥመው ቀኑን ሙሉ ያዘግማልና። ከዚያ አጠገቡ የተሰኩትን ሌሎች ስልኮች ነቀልኩ። ለውጥ የለም። ጎረቤቴ ባለ ሱቁ ሐጂ ሙነወር፣ ስልኩ ጾም ይዞ ይሆናል አሉኝ።

እጄን ጨርቁ ላይ ባሳርፍ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ድንጋይ ያቃጥላል። ያኔ ገባኝ። ስልክ ሲሞላ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ለማዳን መቀበሉን ይቀንሳል። በዚህ በቆላው የጥቅምት ሙቀት የቆርቆሮው ግለት ብቻ ይበቃው ነበር፤ የአየሁሽ ስልክ ግን በዚያ ላይ ድርብ አቡጀዲ ለብሶ ዙሪያውን ተሰፍቷል። የተተወለት የገመድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ብዙ የወቅት ሠራተኞች እንዲህ ያደርጋሉ። ስልካቸውን ቻርጅ ቤት ትተው ሲውሉ ባትሪው በአሮጌ እንዳይለወጥ፣ ስፌቱ ማኅተማቸው ነው።

እንፍታው ስላት ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። አምና ሌላ ከተማ አንዱ ባትሪዋን ለውጦባት ኖሮ፣ የሰውየውን መልክ ሳይቀር ነገረችኝ። ነገሩ እኔን እንደማይመለከት ደጋግማ ብታስረዳኝም ዓይኗ ከእጄ አልተነሣም።

«አንቺው ፍቺው። እኔ አልነካውም» አልኩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ስክሪኑ ላይ ቀይ የሙቀት ምልክት በርቷል። ለካ ስልኩ ሲናገር ነው የዋለው፤ ጨርቁ አፉን ይዞት እንጂ።

ሐጂ ከሱቃቸው ጥላ ሥር ዚር አላቸው፤ ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ትልቅ ጋን። ስልኩ ክዳኑ ላይ ይቀመጥ ዘንድ ለመንኳቸው።

«ስልክም ይጠማው ጀመር?» አሉና ወደ አየሁሽ ዞሩ። «አስቀምጪ ልጄ፣ አስቀምጪ።»

ገመድ አስረዝሜ ሰካሁት። እስኪበርድ ማንም እንዳይከፍተው ተስማማን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ዐሥራ አንድ በመቶ ደረሰ፤ ስምንት ተኩል ላይ ሠላሳ። ከፈተችው፤ አልጠፋም።

አርባ ሁለት ላይ ጮኸ። የነርሷ ቁጥር ነው። አየሁሽ ሳትነቅለው ዚሩ ላይ ጎንበስ ብላ አነሣችው። ድምፁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል፤ የነርሷ አይደለም፣ የልጁ ነው።

«እማ፣ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። እንጀራ ስጡኝ ስላቸው ገንፎ ያመጡልኛል።»

«ገንፎውን ብላ» አለችው። ሐጂ በለሆሳስ አልሐምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እኔ የጄሪካን ክምሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ትራክተሩ መንገድ ዳር ቆሞ ጥሩምባውን ነፋ። አየሁሽ ስልኩን ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ለትራክተሩ ጀርባዋን ሰጥታ የሸሕዲ ሚኒባሶች ወደሚቆሙበት ሄደች።