ቁልፍ ያለው ሳጥን

ሳሚያ እባላለሁ፤ ሴራሚክ ነው የምሠራው። አፌን ታውቁታላችሁ። የማታውቁት ካላችሁ ጌጃ ሰፈር ያለው ሳይታችን መጥታችሁ ጠይቁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ስናገር በር ላይ ያለው ጥበቃ ይሰማኛል። በዚህ አፌ እኮራበት ነበር። ባለፈው ሳምንት ጉድ ከሠራኝ ወዲህ ግን ራሴን ስሰማው እንኳ ፊቴ ይግላል።

አራት ሆነን ነው የምንሠራው። ኃላፊያችን ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ሥራ የሚይዙትም ከቤቱ ባለቤት ጋር የሚነጋገሩትም እሳቸው ናቸው። ቦጂያ የቧንቧ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሁለት ቃል ከተናገረ ብዙ አወራ ማለት ነው። ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሜ ረሻድ፤ ሴራሚክ የሚቆርጥልኝ እሱ ነው። ረሻድን እዚህ ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። "ወንድሜ ነው፣ ስለ እኔ ብለው" ብዬ ጋሽ ወልደአማኑኤልን ስለምናቸው፣ "ያንቺ ወንድም ከሆነ ምን ጥያቄ አለው፣ ነገ ይምጣ" አሉኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቁኝም። ሴት ሴራሚክ ሠሪ ብሎ ነገር የለም ተብዬ ስንት በር ከተዘጋብኝ በኋላ ያመኑኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ሌላ ሀብት የለኝም፤ እዚህ ሰዎች ዘንድ ያለችኝ ስሜ ናት።

መሣሪያችንን የምናስቀምጠው በማዳበሪያ ነበር። አዎ፣ በስኳር ማዳበሪያ። ማታ ሁሉም የያዘውን ይወረውርበታል፤ መዶሻው፣ ፒንሳው፣ ውሃ ልኩ፣ ድሪሉ፣ ሁሉም እላይ በላይ። አፉን በሲባጎ አስረን አንዱ ክፍል ጥግ ላይ እንጥለዋለን። ጠዋት ደግሞ ዘርግፎ መፈለግ ነው። አንዲት ካቻቢቴ ለማግኘት ስንቴ ጣቴን መጋዝ እንደቆረጠኝ አላህ ይወቀው።

ከዚያ ዕቃ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ የእኔ ሜትር ጠፋ፤ ጥዬው ይሆናል አልኩ። ቀጥሎ ፒንሳ ጠፋ። ከዚያ የቦጂያ ትልቁ የቧንቧ መፍቻ፣ ከአጎቱ የወረሰው፣ ያ ጠፋ። ደሜ ፈላ! ጥበቃውን አፋጠጥኩት። አሸዋ ሊያወርዱ የመጡትን ወዛደሮች ሳይቀር በክፉ ዓይን አየኋቸው። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ "ይኼን የወሰደ እጁን ይቁረጠው! የበላው አይርጋለት!" ብዬ ረገምኩ። አጠገቤ ከነበሩት አንድ ሰው አሚን አላለም። ጋሽ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቦጂያ የጫማውን ማሰሪያ ፈታና እንደገና አሰረው። ወላሂ ናቅኳቸው። ሰው የገዛ መፍቻው ጠፍቶ እንዴት አይቆጣም? ወንድ ናቸው ብዬ ነው እኔ ከነሱ ጋር የምውለው አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ ጋሽ ወልደአማኑኤል ጠሩኝ። "ሳሚያ ልጄ፣ ይኼ ማዳበሪያ ይብቃን። ቁልፍ ያለው የመሣሪያ ማስቀመጫ እንግዛ። አንቺ ምረጪ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው።" ልሄድ ስል ደግሞ፣ "ረሻድንም ይዘሽው ሂጂ። አብሮሽ ይየው" አሉ። እንዲሸከምልኝ ነው ብዬ አመሰገንኳቸው።

አብነት ሰፈር ያለው ዙሃራ ሱቅ ሄድን። ዙሃራ የግንባታ ዕቃ ነው የምትሸጠው፤ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። ገና ስታየኝ ከላይ አንዱን የፕላስቲክ ሳጥን አወረደችልኝ፤ ቢጫና ጥቁር፣ የሚጎተት እጀታ ያለው።

"ይኼ ነው ያንቺ። ጎማም አለው።"

"ጎማው የት ሊሄድበት? እኛ ጋ ያለው ጠጠርና ደረጃ ነው። ኤርፖርት የምንሠራ መሰለሽ እንዴ? ደግሞ ሳይት ላይ ሳጥን ማለት ወንበር ነው። ረሻድ፣ እስኪ ተቀመጥበት።"

ረሻድ ቂጡን ሳያሳርፍ ሳጥኑ ሲጥ አለ። "ኧረ ዕቃዬን! ተነስ አንተ!" ብላ ጮኸች ዙሃራ። ሳቅን።

ረሻድ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ወፍራም የሸራ ቦርሳዎች እያገላበጠ ነበር። ጥሩ ቦርሳዎች ናቸው፣ አልዋሽም፤ ለየዕቃው ኪስ አላቸው፣ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላሉ። "ሳሚ፣ ይኼ ይሻለናል። ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይያዝ፣ ማንም የማንንም አይነካም" አለኝ።

"ማታ ማታ ግራይንደር ተሸክሜ ታክሲ ልሰለፍ? እዚያ ካደረ ደግሞ ሌባው አንድ በአንድ መልቀሙ ቀርቶለት በማንጠልጠያው አንስቶት ይሄዳል። ሥራ ልታቀልለት ነው?"

ቦርሳውን መልሶ ሰቀለው። እኔ ምን አውቄ! ሐሳቡን ስለጣልኩበት የተቀየመኝ መሰለኝ።

በመጨረሻ ከጀርባ ካለው ክፍል የላሜራ ሳጥን አወጣችልኝ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያሉ በያጆች የሠሩት ነው፤ ረጅም፣ ከላይ ክዳን ያለው፣ ሁለት ጓጉንቸር የሚገባበት። ገለበጥኩት፣ መታሁት፣ ማጠፊያውን አየሁ። ማጠፊያው ከውጭ በብሎን የታሰረ ሳጥን አልገዛም፤ ብሎኑን የፈታ ሰው ቁልፉን መንካት አያስፈልገውም። የዚህ በብየዳ የተያዘ ነው። ዝናብ እንዳይገባበት የክዳኑ ከንፈር ወደ ታች ታጥፏል። ሁለት ሰው ቢቀመጥበት ነቅነቅ አይልም። ይኼ ነው አልኩ።

"ማነው ግን እንዲህ የሚሰርቃችሁ?" አለች ዙሃራ፣ ጓጉንቸሮቹን እያቀበለችኝ።

"ብናውቀውማ ሳጥን ምን ያደርግልናል! አላህ ያዋርደው! በዘመዶቹ ፊት ያዋርደው!"

"አሚን!" አለች ዙሃራ። እፎይ፣ አንድ ሰው ተገኘ አልኩ።

ረሻድ ሳጥኑን ትከሻው ላይ አወጣው። "እንሂድ፣ ይከብዳል" አለኝ። ከአብነት እስከ ጌጃ ሰፈር አንዴም ሳያሳርፍ ተሸከመው። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ፣ ወንድም እንዲህ ነው፣ አልኩ። አሁን ሳስበው ሽምቅቅ እላለሁ።

ሳጥኑ ብቻውን አልበቃኝም። ያረጀ ፍራሽ ስፖንጅ አመጣሁና ከታች አነጠፍኩበት። የእያንዳንዱን መሣሪያ ዙሪያ በእርሳስ አስምሬ በቢላ ቀረጽኩት፤ ለመዶሻው የመዶሻ ቦታ፣ ለድሪሉ የድሪል ቦታ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ሁሉንም ጠርቼ ክዳኑን ከፈትኩላቸው። "አሁን አንድ ዕቃ ብትጎድል ዓይን ውስጥ ትገባለች! ማን ይሸውደናል!" አልኩ፣ እንደ ደላላ እየተንጎራደድኩ። ጋሽ ወልደአማኑኤል "ጥሩ ሠርተሻል ልጄ" አሉኝ፤ ሲናገሩ ግን የሚያዩት ሳጥኑን ነበር። የአንዱን ጓጉንቸር ቁልፍ ለቦጂያ፣ የሌላውን ለእኔ ሰጡን። ሁለታችንም ካልተገኘን አይከፈትም ማለት ነው። ብልጠታቸውን አደነቅኩ።

ለጥቂት ቀን ምንም አልጠፋም። ቦጂያ እንኳ ፊቱ ፈታ አለ፤ አንድ ቀን ጭራሽ ሲያፏጭ ሰማሁት። እኔማ ጉራዬ አይጣል ነው። "አያችሁ? ሌባው ሳጥኑን ሲያይ ወሽመጡ ተቆረጠ!" እላለሁ ጠዋት ማታ።

ሐሙስ ሥራ ስንጨርስ ዕቃውን እየመለስን ነበር። ረሻድ ልብሱን ለውጦ፣ ቦርሳውን አዝሎ ደረጃው አፍ ላይ ቆሟል። "ሳሚ፣ እኔ ልቅደምና ታክሲ ልያዝልሽ" አለኝ። እሺ ልለው ስል ሳጥኑን አየሁት። ሁሉም ቦታው ገብቷል፤ መሀል ላይ ግን ባዶ ነው። የድሪሉ ቦታ። አፍንጫውና እጀታው ስፖንጁ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ድሪሉ ግን የለም። የጋሽ ወልደአማኑኤል ድሪል።

"እንዴ! ድሪሉ—"

"ዝጊው ልጄ። ሰዓት ሄዷል" አሉኝ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

"ጋሽዬ፣ ድሪሉ የለም እኮ! የእርስዎ ድሪል!"

"ይገኛል። ነገ ይገኛል። አሁን ዝጊውና እንሂድ።"

ወደ ቦጂያ ዞርኩ። አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያው ላይ ያሉትን ቧንቧዎች ያያል፤ እሱ ራሱ የዘረጋቸውን ቧንቧዎች። ጋሽ ወልደአማኑኤል በመስኮቱ ውጭውን ያያሉ። እዚያ ከአሸዋ ክምር በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሁለቱም አንድ ቦታ ላለማየት ነበር የሚጨነቁት። ያ ቦታ ደረጃው ነው። ስለዚህ እኔ ዞሬ አየሁት።

ረሻድ የቦርሳውን ማንገቻ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ቦርሳው ወደ ታች ወርዷል፤ ባዶ ምሳ ዕቃ እንዲያ አይከብድም።

ክው አልኩ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ያውቁ ነበር። መፍቻው ሲጠፋም ያውቁ ነበር። ለእኔ መንገር ቢከብዳቸው ሳጥን ገዙ። እሱም አብሮ ሄዶ ሲመርጥ ያፍራል፣ ይተዋል ብለው ነው አብሮሽ ይየው ያሉኝ። እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ በዘመዶቹ ፊት ያዋርደው እያልኩ። ያ ረቢ፣ ዱዓዬን እንዲህ ፈጥነህ ትሰማኛለህ ብዬ መች አሰብኩ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

"ረሻድ፣ ቦርሳህን ክፈት።"

"ሳሚያ! ተይ፣ ነውር ነው!" አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል። እኔን ነው የተቆጡት። እሱን አይደለም፣ እኔን።

ረሻድ ራሱ መጣ። ቦርሳውን አወረደ፣ በሥራ ሱሪው የጠቀለለውን ድሪል አወጣና ስፖንጁ ላይ አስቀመጠው። ልክክ ብሎ ገባ። ያን የቀረጽኩትን እጄን ጠላሁት።

"ሳጥኑ ሲገዛ ይገባዋል ብለን ነበር" አለኝ ቦጂያ፣ ከአፉ ይውጣ አይውጣ በማይለይ ድምፅ።

"ታዲያ ለእኔ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"ምን ብለን?" አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል። "በየት በኩል እንጀምረው? ወንድምሽ ነው።"

ቢያባርሩን መከራከር እችል ነበር። ቢሰድቡን መልስ ነበረኝ፤ እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ክዳኑን ራሳቸው ዘጉ፣ ካፖርታቸውን አነሱና፣ "ነገ ቶሎ ኑ፣ መታጠቢያ ቤቱን እንጨርሳለን። ሁለታችሁም" አሉ። ሁለታችሁም ካሏት ቃል በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። ኩምሽሽ ብዬ ወረድኩ።

አስፋልቱ ጋ እስክንደርስ ስድቡን በሆዴ እያዘጋጀሁ ነበር። በእናታችን ልጀምር፣ በአባታችን ልጀምር እያልኩ። "ለምን?" ብቻ ወጣኝ።

"ቤቲንግ። ኳስ እያስያዝኩ ተበላሁ" አለ። ትንሽ ሄድንና፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?" አለኝ።

"ሳጥኑ ከመገዛቱ በፊት።"

"መፍቻው የጠፋ ጊዜ?"

"ያኔም ያውቁ ነበር።"

ቆመ። ሰው እየገፋው ያልፋል፣ እሱ አይነቃነቅም። "ምሳ ሰዓትስ?" አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። ምሳችንን አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን ነው የምንበላው። ረሻድ ከሁላችንም ትንሽ ስለሆነ ጋሽ ወልደአማኑኤል የመጀመሪያውን ጉርሻ ሁልጊዜ የሚሰጡት ለእሱ ነው።

"ዛሬም አጎረሱኝ እኮ ሳሚ። እያወቁ። 'እንካ ብላ፣ ከስተሃል' አሉኝ።"

እግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ጃኬቱን ራሱ ላይ ጎተተ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልረግጠው የመጣሁት ሴትዮ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ጎመን የያዘች ሴት ጎንበስ ብላ፣ "ምን ሆኖ ነው እህቴ? አሞት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"አዎ፣ አሞት ነው" አልኳት።

ሴትዮዋ እግዜር ይማረው ብላ ሄደች። ረሻድ ጃኬቱ ውስጥ ሆኖ የሆነ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"ሳሚ" አለኝ። "ነገም ያጎርሱኛል እኮ።"