የታጠቡት ራውተሮች

ራውተር በሳሙና ሲታጠብ አይታችኋል? ተቆጣጣሪዋ ያን ቀን አየች። ሥራዋ ለገበያ የሚወጣ የኢንተርኔት ዕቃ ሁሉ ተፈትኖ የፈቃድ ምልክት ማግኘቱን ማረጋገጥ ነው፤ ስንት ዓመት ስትሠራበት ያላየሁት ማጭበርበር የለም ትል ነበር። ኡኡቴ! ገና ምኑን አይታ!

ልትፈትሸው ከመጣችበት ሱቅ ጀርባ ባለው መጋዘን ሁለት ሴቶች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አንዷ የራውተር ክዳን ሳፋ ውስጥ ታሻለች፣ ሌላዋ የውስጡን ሰሌዳ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። የሳፋው ውኃ ቡናማ ሆኗል። ላዩ ላይ ፀጉር፣ የበረሮ ክንፍ፣ ከማን ኩሽና እንደመጣ የማይታወቅ የጠቆረ ቅባት ይንሳፈፋል። ግድግዳው ሥር ሰው ተጠቅሞ የጣላቸው፣ በኪሎ የተገዙ ራውተሮች እንደ ድንች ተቆልለዋል። ወዲያ ማዶ ደግሞ እነዚያው ታጥበው፣ በላስቲክ ተጠቅልለው፣ አዲስ ካርቶን ገብተው ተደርድረዋል። አዲስ ሙሽራ ይመስላሉ፣ እግዜር ያሳያችሁ!

ከታሸጉት አንዱን አንስታ ከፈተች። የፈቃድ ምልክቱን በጥፍሯ ጫር ስታደርገው ተላጠ፤ ከሥሩ የድሮው ስቲከር ሙጫ አቧራ እንደያዘ ብቅ አለ። አዘንብላ መታ መታ ስታደርገው ከአየር ማስገቢያው ቀዳዳ አንዲት በረሮ ወጥታ በእጇ ላይ ሄደች። ቀፈፋትና አራገፈቻት።

በረሮስ ይሁን፤ በረሮ ቤት አያቃጥልም። የሚያቃጥለው አብሮ የሚሸጠው አዳፕተር ነው። በእጇ ስትመዝነው ባዶ ያህል ቀለለባት። በካቻቢቴ ከፈተችው። መሥሪያ ቤቷ ፈትኖ ያሳለፈው ዓይነት ውስጡ ኃይል ሲበዛ የሚቆርጥ ፊውዝ አለው፤ በዚህኛው ግን በፊውዙ ቦታ ራቁቱን የሆነ ሽቦ በይደውበታል። ሌላ አንድ አውጥታ ሶኬት ላይ ሰካችው። ብዙም አልቆየ፣ እጅ የማያስነካ ሆነ፣ ቀጥሎም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል ሽታ ለቀቀ። ፕላስቲኩ መብሰል ጀምሮ ነበር። ቶሎ ነቀለችው።

«እንዴ! የኔ እመቤት!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

የሱቁ ባለቤት ነው። ሠራተኞቹ «ሽቶ» ይሉታል፤ ሰውየው ሳይደርስ ሽቶው ቀድሞ ስለሚደርስ። አሁንም የዓሣው ሽታ ላይ የሱ ሽቶ ሲደረብበት ተቆጣጣሪዋ መተንፈስ አቃታት። ሽቶ ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ የእህቷ ባል ነው። ይህን ሱቅ እንደከፈተ አታውቅም ነበር። ጠዋት በር ላይ ስትደርስ ነው ስሙን ያየችው፤ ለአለቃዋ ደውላ «የእህቴ ባል ነው፣ ሌላ ሰው ላኩ» ብትል «ሌላ ሰው ከየት ላምጣ? እንደማንኛውም ሰው አድርገሽ ሥሪው» ብሎ ዘጋባት።

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ! እንኳንም አንቺ መጣሽ» እያለ ሽቶ ሳቀ።

«ጋሼ፣ እነዚህ የት ነው የሚሄዱት?»

«መዋዕለ ሕፃናት! ነገ ጠዋት ይጫናሉ። በየክፍሉ አንድ አንድ፣ የሕፃናቱ መኝታም ሳይቀር። ካሜራ ይገጠማል፤ ወላጅ ቢሮው ቁጭ ብሎ ልጁ ሲተኛ በስልኩ ያያል። ሥልጣኔ ነው እኮ!»

«ይሄ ይቀጣጠላል፣ ጋሼ። ሕፃናቱ ተኝተው ይቀጣጠላል።»

«ምን ይቀጣጠላል፣ ትንሽ ይሞቃል እንጂ። የማይሞቅ ምን አለ? ሰውም ይሞቃል» አላትና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት። ዓይን አውጣ!

ቦርሳዋን ከፍታ «ታሽጓል» የሚለውን ወረቀት ስታወጣ ሳቁ ጠፋ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ደወለና «እንቺ፣ እትዬሽ ናት» ብሎ ጆሮዋ ላይ ለጠፈላት።

«ምሳ አቅርቤያለሁ» አለች እህቷ። «መጀመሪያ ነይ ብይ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ታደርጊያለሽ።»

እንዴት እምቢ ትበል? እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ሕፃን ነበረች። ዘመድ ሁሉ «ለማደጎ ትሰጥ» ሲል እትዬ፣ ራሷም ልጅ ሆና፣ «አልሰጥም» አለች። ትምህርቷን ጥላ ዳቦ ቤት ገብታ፣ እጇ በምድጃ እየተላጠ አሳደገቻት። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ያን ጊዜ ነው ራሷን የጠላችው፤ ከበረሮዋም፣ ከሳፋውም፣ ከሽቶም ይልቅ የገዛ እጇ አስጠላት።

እህቷ ቤት ማዕድ ላይ ስትቀመጥ እትዬ ሩዙን ቆለለችላት፣ ሥጋውን ከላይ ደፋችበት፤ ድሮም ሰው ስትለምን በሳህን ነው የምትለምነው።

«ቤቱን አስይዘን ነው ያንን ዕቃ ያመጣነው» አለች። «ዛሬ ካሸግሽው እነዚህን ልጆች ይዤ ጎዳና መውጣቴ ነው። ሥራሽን ተይ አላልኩሽም። ለነገ ወዲያ አድርጊው፣ አለቀ።»

«ነገ ጠዋት ይጫናላ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ እሱን አላየሽም፣ አልሰማሽም። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉሻል ይሄ ነው! እኔ ላንቺ ምን ያላደረግኩት አለ?»

ምንም። ያላደረገችላት ነገር አልነበረም። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ነገ ወዲያ ትመጣለች፣ ባዶ መጋዘን ታገኛለች፣ «ምንም አላገኘሁም» ትላለች፤ ማን ይጠይቃታል?

በዚህ መሃል በተከፈተው በር በኩል የእህቷ ትንሿ ልጅ መኝታ ታያት። ከአልጋው ራስጌ መደርደሪያ ላይ የራውተር አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ደነገጠች፣ ማንኪያዋን ጥላ ተነሳች።

«እትዬ፣ የቀረው ይቅር፣ ይሄን ግን አሁኑኑ ልንቀለው! ልጅቷ ራስጌ ላይ እንዴት ታስቀምጡታላችሁ? አዳፕተሩ ፊውዝ የለውም እኮ!»

እትዬ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው።

«ተቀመጪ፣ አንቺ ደሞ! እሱ ከዚያ አይደለም። ያንን ቆሻሻ እኔ ቤቴ አስገባለሁ? ባሌ ራሱ ነው ‹ልጆቹ አጠገብ እንዳይደርስ፣ ይሸታል፣ አደገኛ ነው› ያለኝ። ይሄን ከትልቁ ሱቅ በውድ ገዝቶ ነው ያመጣው። ብይ እንጂ፣ ሥጋው ቀዘቀዘ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ተቆጣጣሪዋ አፏ ውስጥ የቀረውን ጉርሻ ሶፍት አንስታ ተፋችው። እስካሁን እትዬን የዋህ፣ ባሏ ያሞኛት አድርጋ ነበር የምታያት፤ ለካ ሁሉንም ታውቃለች፣ አውቃም እያጎረሰቻት ነው። ቦርሳዋን ብድግ አድርጋ ወጣች። እትዬ ከኋላዋ ስሟን ብትጠራ አልዞረችም።

መጋዘኑ ስትደርስ ሴቶቹን በትህትና አስወጣቻቸው። ሽቶ አንዴ ሲለማመጥ፣ አንዴ ሲዝት፣ «ሰው ጋ እደውላለሁ» ሲል፣ እሷ በሩን ቆለፈች። የመጀመሪያውን ወረቀት ሙጫ ቀብታ መዝጊያው ላይ ስትለጥፍ እትዬ በቤት ጫማዋ እየሮጠች ደረሰች። ላብ በላብ ሆናለች።

«ለማታውቂያቸው ልጆች ብለሽ ነው የኔን ልጆች የምትበያቸው?» ብላ ጮኸች። «ምን አገባኝ በነሱ? እኔ ወለድኳቸው?»

ተቆጣጣሪዋ እጇን ከወረቀቱ ላይ ሳታነሳ ዞር ብላ አየቻት።

«እኔንስ ወልደሽኝ ነበር፣ እትዬ?»

እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምነው ያኔ ሰጥቼሽ በነበር» አለች።

ተቆጣጣሪዋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሁለተኛውን ወረቀት ሙጫ ቀባች።